ውሃውን የሚጠብቅ አምባ፦ ሁለት ጉብኝት በፑካራ ዴ ኪቶር

በሰሜን ቺሊ ከምትገኘው ከሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ በስተግራው የቆሙትን ቀይ ቡናማ ገደሎች እያየ ሲሄድ ፑካራ ዴ ኪቶር የተሠራበትን ኮረብታ ልብ ሳይለው ሊያልፍ ይችላል። ግንቦቹ የተካቡት ከዚያው ከአካባቢው በተገኘ ድንጋይ ነው፤ ልስን የላቸውም፤ ጣሪያቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቀለማቸውም ከዳገቱ ቀለም አይለይም። ፀሐይ ከፍ ብላ ጥላ በማይኖርበት ሰዓት ቦታው ናዳ የወረደበት ዳገት እንጂ ሌላ አይመስልም። ጥላ ሲረዝም ግን መጀመሪያ አንድ ካብ፣ ቀጥሎ በር፣ ከዚያም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ክፍሎች እየለዩ ይታያሉ፤ እንዲህ እያለ ከግርጌ እስከ አናት የተዘረጋ ሙሉ መንደር ከድንጋዩ መካከል ይወጣል።

እዚህ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ነበር። ይዞን የሄደው አስጎብኚ ከመኪና ወርደን ግርጌው ላይ እንደ ቆምን ስፓኞች አምባውን የያዙበትን የ1540ውን ውጊያና የተቆረጡትን ራሶች ታሪክ ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተረከልንና፣ ፎቶ የምናነሣበት ጥቂት ጊዜ ሰጥቶን ወደሚቀጥለው ቦታ ወሰደን። የነገረን ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሰው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የወጣበትንና የወረደበትን፣ እህሉን ያስቀመጠበትንና ልጆቹን ያሸሸበትን ሥፍራ በተሸነፈባት በአንዲት ቀን ብቻ መተረክ ለሥፍራውም ለሠሩትም ሰዎች የሚገባ ሆኖ አልታየኝም። ሌሊቱን ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ፤ በማግስቱም ብስክሌት ተከራይቼ ጠዋት በሩ ሲከፈት ለመድረስ ብቻዬን ተመለስሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያ ሁለተኛ ቀን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ስለ ስሙ ልናገር። ፑካራ የኬችዋና የአይማራ ቋንቋዎች ቃል ሲሆን ትርጉሙ ምሽግ ነው፤ ከፔሩ ደጋ ጀምሮ እስከ ሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ድረስ በብዙ ኮረብቶች ስም ውስጥ ይገኛል። ለአማርኛ አንባቢ ስጽፍ ግን «አምባ» ከሚለው ቃላችን የተሻለ አላገኘሁለትም፤ አምባ ስንል ግንቡን ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮ የከለለውን ከፍታ፣ በላዩ የሰፈረውን ሰውና መኖሪያውን ጭምር አንድ አድርገን ነውና የምንጠራው። ኪቶር ደግሞ አምባው የሚገኝበት የአይዩ ስም ነው። አይዩ በዝምድና፣ በመሬትና በውሃ የተሳሰረ የመንደር ማኅበረሰብ ማለት ሲሆን፣ የሳን ፔድሮ ለምለም ምድር ኪቶርን፣ ካታርፔን፣ ላራቼን፣ ሶሎርን፣ ኮዮንና ሌሎችንም ጨምሮ ከዐሥር በላይ በሆኑ አይዩዎች የተከፋፈለ ነው። የምድሩ ባለቤቶች ራሳቸውን ሊካን አንታይ ብለው ይጠራሉ፤ ይህም የምድሪቱ ሰዎች እንደ ማለት ነው። በስፓኝኛ አታካሜኞ ይባላሉ።

ምድሩን ሳይገልጹ ስለ አምባው መናገር አይቻልም። አታካማ ከዋልታዎቹ ውጭ ካሉት በረሃዎች ሁሉ የደረቀው ነው፤ ሳን ፔድሮም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል የአንዲስ ተራሮች ተደርድረው ቆመዋል፤ ከእነርሱም መካከል 5,916 ሜትር ከፍታ ያለው ሊካንካቡር የተባለው እሳተ ገሞራ በተሳለ ሾጣጣ ቅርጹ ከየትም ሆነው ሲመለከቱት ጎልቶ ይታያል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጨው ተራሮች የሚባሉት ጨው፣ ሸክላና አሸዋ ተደራርበው የታጠፉባቸው ገደላማ ቦታዎች አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ዝናብ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሰው ባልኖረበት ነበር። በበጋቸው ማለትም በጥርና በየካቲት ወራት አካባቢ ከምሥራቅ ደጋ የሚመጣው ዝናብና በተራሮቹ አናት የሚቀመጠው በረዶ የሳን ፔድሮንና የቪላማን ወንዞች ይመግባሉ፤ ወንዞቹም በስተደቡብ ወዳለው የጨው ሜዳ ወርደው ከመጥፋታቸው በፊት በቦይ ተመርተው እርሻውን ያጠጣሉ። ያለ እነዚህ ሁለት ቀጫጭን ውሃዎች ከተማውም፣ እርሻውም፣ አምባውም አይኖሩም ነበር።

በሩ ላይ ደርሼ ብስክሌቴን ሳቆም የመግቢያ ቲኬት የሚቆርጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ተቀበሉኝ። ቦታውን የሚያስተዳድረውና የሚጠብቀው የኪቶር ማኅበረሰብ ራሱ ነው፤ ይህንን ማወቄ ብቻ ከቀደመው ቀን የተለየ ስሜት ሰጠኝ። ሴትዮዋ ስለ አምባው ሲናገሩ «ፍርስራሽ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ «የአያቶቻችን ቤት» ነበር የሚሉት። ካቡ ላይ እንዳልቀመጥ፣ ድንጋይ ከቦታው እንዳላነሣ፣ ከተከለለው መንገድ እንዳልወጣ አስጠነቀቁኝና፣ «አትቸኩል ልጄ፤ አየሩ ቀጭን ነው። ላይ ስትደርስ ደግሞ ፊትህን መጀመሪያ ወደ ወንዙ አዙር፤ ሰው ሁሉ እሳተ ገሞራውን እያየ ወንዙን ይረሳዋል» አሉኝ። ያን ጊዜ ምክሩን እንደ ትሕትና ቃል ብቻ ወስጄ አመስግኜ አለፍሁ፤ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ የገባኝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ዳገቱ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። በአንድ ወገን ኮረብታው ወደ ወንዙ ሸለቆ በገደል ይወርዳል፤ ለመውጣት በሚቻልበት ወገን ደግሞ የመከላከያ ግንብ ተካቦበታል። በ2.5 ሄክታር ገደማ ስፋት ላይ ከ150 የሚበልጡ በድንጋይ የተካቡ ክፍሎች አሉ። ዳገቱን በእርከን ቆርጠው ስለ ሠሩት የታችኛው ክፍል የኋላ ግድግዳ ለላይኛው ክፍል ወለል መደገፊያ ሆኖ ያገለግላል፤ ስለዚህ አንዱ ግድግዳ ቢነሣ ከእርሱ በላይ ያሉት አብረው የሚወርዱ ይመስላል። በክፍሎቹ መካከል የሚያልፉት መተላለፊያዎች አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው፤ ጠላት ገብቶ እንኳ ቢሆን ጎን ለጎን ተሰልፎ ሊዋጋ አይችልም፤ ከላይኛው እርከን ላይ ወንጭፍና ቀስት ይዞ ለሚጠብቀው ሰው አንድ በአንድ ይጋለጣል።

ከመንገዱ አጠገብ ባለ አንድ ካብ ፊት ጉልበቴን አጥፌ ረዥም ጊዜ ተመለከትሁት። ድንጋዮቹ አልተጠረቡም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ተመርጠዋል። ሰፊና ልሙጥ ፊት ያላቸው ፊታቸው ወደ ውጭ እንዲሆን ተደርገው ተቀምጠዋል፤ ሹሉ ጫፋቸው ወደ ካቡ ሆድ ገብቷል። በትልልቆቹ መካከል የቀረው ክፍተት በመዳፍ ውስጥ በሚገቡ ትንንሽ ድንጋዮች ተወትፏል፤ ከእነዚህም ጀርባ ደርቆ እንደ ሸክላ የጠነከረ ጭቃ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ድንጋይ ወልቃ ስለ ነበር፣ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ መልክ በጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ጠርዟ፣ በአንድ ወገን የነበራት ስብራት፣ ሳይቀር ይለያል። ጭቃ ማቡካት ውሃ ይጠይቃል። ይህን ያህል ክፍል ለመካብ የሚበቃው ጭቃ ሁሉ የተቦካበት ውሃ ደግሞ የመጣው ከታች ከወንዙ፣ በሰው ትከሻ ወይም ላማ በተባለው የአንዲስ የጭነት እንስሳ ጀርባ፣ ይህንኑ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ የወጣሁትን ዳገት ወጥቶ መሆን አለበት። ኮረብታው ላይ ምንጭ አላየሁም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ምሽጉ ሳይሆን ጎተራው ነው። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ጥግ ላይ ሰው ተኮራምቶ እንኳ የማይበቃው፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተካበ ትንሽ ቦታ አለ፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች እህል ማስቀመጫ መሆኑን ይናገራሉ። የሊካን አንታይ ሰዎች በመስኖ በቆሎ፣ ኪኑዋ፣ ድንችና ዱባ ያመርቱ ነበር፤ አልጋሮቦና ቻኛር የተባሉት የበረሃ ዛፎችም ጣፋጭ ፍሬያቸውን ይሰጧቸዋል፤ የአልጋሮቦው ፍሬ እንደ ባቄላ ረዥም ሲሆን፣ ደርቆ ከተፈጨ ዱቄት ይሆናል፣ ከተጠመቀ ደግሞ መጠጥ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ በደረቅ አየር ውስጥ ሳይበላሽ ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ ምግብ ነው። በእንዲህ ያለ ምድር የአንድ ዓመት ምርት የወሰደ ጠላት የመንደሩን ሕይወት ወሰደ ማለት ስለሆነ፣ ግንቡ በመጀመሪያ ደረጃ የከበበው እነዚህን ትንንሽ ጎተራዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ፑካራ ዴ ኪቶርን የጦር ሠፈር ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው አንድ ጊዜ ወደ እነዚህ ጥጎች ዝቅ ብሎ ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል።

ሰዎቹ ዘወትር እዚህ ላይ ይኖሩ ነበር ወይስ አደጋ ሲመጣ ብቻ ይወጡ ነበር የሚለው በአንዲስ ስላሉት ፑካራዎች ሁሉ ተመራማሪዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ውሃ በሌለው ኮረብታ ላይ፣ እርሻው ከእግር በታች እየታየ፣ ዓመቱን ሙሉ መኖር ከባድ መሆኑን ለመረዳት አንድ ጠዋት ይበቃል። ይልቁንም ዕለት ዕለት ከታች በቦዮቹ ዳር እየኖሩ፣ የክፉ ቀን ስንቃቸውን ላይ አስቀምጠው፣ ከሩቅ አቧራ ሲነሣ ሴቱ፣ ሕፃኑና ላማው በነዚህ ጠባብ መተላለፊያዎች ሲወጡ ይታየኛል።

አምባው የተሠራው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ይህ ምድር ምሽግ ሳያስፈልገው የኖረባቸው ረዥም ዘመናት ነበሩ። በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በቱሎር ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ሰው የኖረባቸው ክብ ክብ የጭቃ ቤቶች በአሸዋ ተሸፍነው ተገኝተዋል። ከ500 እስከ 1000 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ ደግሞ የሳን ፔድሮ መንደሮች በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ከነበረው ከቲዋናኩ ሥልጣኔ ጋር ተሳስረው ነበር፤ የላማ ቅፍለቶች ጨርቅ፣ መዳብና ጌጥ ጭነው ይመላለሱ ስለ ነበር፣ በመቃብሮቹ ውስጥ የቲዋናኩ ምስሎች የተቀረጹባቸው የእንጨት ገበታዎች፣ በላራቼም የወርቅ ዋንጫዎች ተገኝተዋል። ቲዋናኩ ሲፈርስና የድርቅ ዘመን ሲረዝም ግን መንገዱን የሚያስከብር ኃይል ጠፋ፤ ከደጋው የሚመጡ ጎረቤቶች ለውሃና ለግጦሽ መፎካከር ጀመሩ። በአንዲስ ከዳር እስከ ዳር ሰው ወደ ኮረብታ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሎዋ በተባለው ወንዝ ዳር ያለው የላሳና ፑካራና ከእርሱ በስተምሥራቅ ያለው ሰፊው የቱሪ ፑካራ የዚሁ የአታካማ ሰዎች ሥራዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም እንደ ኪቶር ሁሉ የቆሙት ውሃ ባለበት ሸለቆ አናት ላይ ነው።

መናገሻቸው በፔሩ ደጋ በኩስኮ የነበረው ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዛታቸውን አስፍተው ወደዚህ ሲመጡ ማዕከላቸውን ያቋቋሙት በዚሁ ሸለቆ ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው በካታርፔ ነው፤ መንገዳቸውንና ግብራቸውን የሚቆጣጠሩት ከዚያ ነበር። ዘመናቸው አጭር ነበር፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ስፓኞች ደረሱ።

በ1535 ከኩስኮ የተነሣው የዲዬጎ ዴ አልማግሮ ጦር ከቺሊ ሲመለስ በአታካማ በኩል አለፈ፤ በ1540 ደግሞ ፔድሮ ዴ ቫልዲቪያ ቺሊን ለመያዝ በዚሁ መንገድ መጣ። ከከተማው ወደ ደቡብ የሚጠብቀው ሰው አልባ በረሃ ስለ ነበር፣ ከመሻገራቸው በፊት ሠራዊቱም ፈረሱም ስንቅ መሰብሰብ የነበረባቸው ከእነዚህ መንደሮች ነው። ስለዚህ የኪቶር ውጊያ ስለ ግዛት የተደረገ ቢሆንም፣ ከቅርብ ሲታይ ግን ስለ በቆሎ የተደረገ ነው፤ በጎተራዎቹ ፊት ቆሜ ሳስበው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። የሊካን አንታይ ተዋጊዎች ወደ አምባው ወጥተው ጠበቁ፤ ስፓኛዊው የጦር አለቃ ፍራንሲስኮ ዴ አጊሬ 30 ያህል ፈረሰኞችን እየመራ ዐቀበቱን ሰብሮ ወጣ። ብረትና ፈረስ አይተው ለማያውቁት ለብዙዎቹ መከላከያው ግንብ አልበቃቸውም። አለቆቹ ተይዘው ራሳቸው ተቆረጠ፤ ቦታውም «የራሶች መንደር» የሚል ስም ወጣለት። የመጀመሪያው ቀን አስጎብኚያችን ታሪኩን የጨረሰው እዚህ ላይ ነበር።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም፤ ይህንንም ለአንባቢ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አምባው ቢያዝም ሕዝቡ አልገበረም። መንገዱ ለስፓኞች ሰላም ሳይሆን ዓመታት አለፉ፤ እርቅ የወረደው በ1557 ነው። በዚያ ዓመት የአታካማው አለቃ ሁዋን ኮቶኮታር ዛሬ በደቡብ ቦሊቪያ በምትገኘው ሱይፓቻ ላይ የስፓኙን ሹም የሁዋን ቬላስኬስ አልታሚራኖን የሰላም ስምምነት ተቀበለ። ከአምባው መያዝ እስከ እርቁ 17 ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ ለአካለ መጠን ደርሶ ነበር፤ የኪቶርን መውደቅ እንደ መጨረሻ የሚቆጥር ትረካ ይህን ትውልድ ሙሉ በሙሉ ይሰርዘዋል።

ዛሬ የምናየው አምባ ሁሉም የጥንት እጅ ሥራ አይደለም። በ1981 ከፊሉ ታድሷል፤ በ1982 የቺሊ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ታውጇል። ቀጥ ብለው የቆሙት ካቦች ዘንድ ስደርስ የቱ የጥንት፣ የቱ የእድሳት እንደሆነ ለመለየት ሞክሬ አልቻልሁም፤ ድንጋዩ ያው ድንጋይ፣ ጭቃውም ያው ጭቃ ነውና። የዚህን ምድር የጥንት ታሪክ ዓለም በብዙ ያወቀው ጉስታቮ ለ ፔዥ በተባሉት ቤልጂጋዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ምክንያት ነው። እኚህ ቄስ በ1955 ወደ ሳን ፔድሮ መጥተው በ1980 እስኪሞቱ ድረስ መቃብር እየቆፈሩ ብዙ ሺህ ቅርስ ሰብስበዋል፤ ሙዚየምም አቋቁመዋል። ያወጡት ዕውቀት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከመቃብር የወጡት አስከሬኖች በመስታወት ውስጥ ሆነው ለጎብኚ ሲታዩ መኖራቸው የመንደሮቹን ሰዎች ያሳዝን ስለ ነበር፣ በ2007 ከእይታ ተነሥተዋል። ትክክል ነው እላለሁ። ሴትዮዋ በሩ ላይ «አያቶቻችን» ያሉት ለአነጋገር ማሳመሪያ አልነበረም።

ከአምባው አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የሚወጣ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱ ይረዝማል፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ቢወጡት ይሻላል። ከአናቱ ላይ በስተምዕራብ የሞት ሸለቆ የሚባለው የጨውና የአሸዋ ገደል ይታያል፤ በስተምሥራቅ ሊካንካቡር አለ። ስሙ በኩንሳ ቋንቋ የሕዝብ ተራራ ማለት ነው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ተራራው አይቼ ካሜራዬን ካነሣሁ በኋላ የሴትዮዋ ቃል ትዝ አለኝና ወደ ታች ዞርሁ። ወንዙ ከሰሜን ከገደሎቹ መካከል ይወጣል፤ ከመውጣቱም ግራና ቀኙ አረንጓዴ ይሆናል። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ቦዮች ከእርሱ እየተነጠሉ ሲሄዱ እየሰፋ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ በአልጋሮቦ ዛፎችና በጭቃ አጥር የተከፋፈሉ እርሻዎች ይሆናል፤ የመጨረሻው ቦይ ባበቃበት መስመር ላይ ደግሞ አረንጓዴው በቢላ የተቆረጠ ያህል ያበቃና ግራጫው በረሃ ይጀምራል። ከዚያ ሆኜ ስመለከት አምባው የት እንደ ተቀመጠ ገባኝ። ወንዙ ከተራራ ወጥቶ ለመንደሮቹ ከመከፋፈሉ በፊት ባለው ጠባብ ጉሮሮ ላይ ነው። ይህን ቦታ የያዘ ሰው ከታች ላሉት ሁሉ ውሃውን ይከፍታል፣ ወይም ይዘጋል። ከላይ የሚመጣውን ቅፍለትም ሆነ ጦር የሚያየው ከሁሉ በፊት እርሱ ነው።

የሊካን አንታይ ሰዎች ቋንቋ ኩንሳ ይባላል፤ «የእኛ» ማለት ነው። እርስ በርስ የሚግባቡበት ቋንቋ መሆኑ ያበቃው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ቃላቱን እየሰበሰቡ ለልጆች የሚያስተምሩ አሉ። ቋንቋው ሳይቋረጥ የቆየበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የቦይ ጠረጋ ነው። ከሳን ፔድሮ በስተደቡብ ባለችው ሶካይሬ መንደር በየዓመቱ የመንደሩ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ ዋናውን ቦይ ከደለልና ከድንጋይ ያጸዳል፤ ሥራው ሲያልቅም ታላቱር የተባለው ዜማ በኩንሳ ይዜማል። ተራሮች በስማቸው ይጠራሉ፤ ውሃው ፑሪ እየተባለ ይለመናል። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ወደ ስፓኝኛ ሲዞሩ፣ ውሃ የሚጠራበት ቋንቋ አልተለወጠም። ይህንን ካወቅሁ በኋላ በአምባው ጉዳይ ላይ የነበረኝ አመለካከት ቀድሞ ከነበረው በጣም ተለየ፤ ግንቡን የካቡት ሰዎች ይጠብቁት የነበረውን ነገር ልጆቻቸው አሁንም እየጠበቁት ነው።

ጥበቃውም ቀላል አልሆነም። በ1981 የወጣው የቺሊ የውሃ ሕግ የውሃ መብትን ከመሬት ለይቶ የሚሸጥና የሚገዛ ንብረት አደረገው፤ ማዕድን አውጪዎችና ከተሞች ውሃ በሚፈልጉበት በዚህ በረሃ ይህ ለመንደሮቹ ምን ማለት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በ1993 የወጣው የነባር ሕዝቦች ሕግ አታካሜኞን በነባር ብሔረሰብነት ካወቀ በኋላ፣ በ64ኛው አንቀጹ የአይማራና የአታካሜኞ ማኅበረሰቦች ውሃ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ደነገገ። ከከተማው በስተደቡብ በተዘረጋው የጨው ሜዳ ውስጥ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሊቲየም ያለበት ጨዋማ ውሃ ከመሬት ሥር እየተሳበ በሰፋፊ ገንዳዎች ላይ በፀሐይ ይተናል፤ ዓለም ለባትሪው ይፈልገዋል። ማኅበረሰቦቹ የሜዳው የውሃ ሚዛን እንዳይናጋ ያላቸው ሥጋት ከዚህ የመጣ ነው። ከኮረብታው አናት ሆኖ በአንድ ወገን አምባውን፣ በሌላው ወገን በስተደቡብ አድማሱን ይዞ የሚያብረቀርቀውን የጨው ሜዳ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ታሪኮች የተለያዩ አይደሉም።

ረፋድ ላይ ወረድሁ። ሴትዮዋ ሌሎች ጎብኚዎችን እያስተናገዱ ስለ ነበር በእጄ ምልክት ሰጥቼ ተሰናበትኋቸው፤ እርሳቸውም በአገጫቸው ወደ ወንዙ አመለከቱኝ፤ አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በመንገዱ ጥቂት እንደ ሄድሁ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በቦይ ዳር አካፋ ይዘው ቆመው አገኘሁ። ቦዩ ከክንድ ብዙም የማይሰፋ ነው። የውሃውን መንገድ የዘጋውን ጭቃና ድንጋይ በሁለት አካፋ አነሡና፣ ያንኑ ጭቃ በዋናው ቦይ ላይ ደልድለው አስቀመጡት። ውሃው አንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ አቅጣጫውን ለውጦ አቧራና ደረቅ ቅጠል ከፊቱ እየገፋ ወደ አልፋልፋ ማሳው ገባ። ሽማግሌው የመጀመሪያው መስመር እስኪርስ ድረስ ዓይናቸውን ከውሃው አላነሡም፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን አዩ፤ ወረፋው በሰዓት የተለካ ነውና ቀጥሎ ያለው ጎረቤት እየጠበቀ ነበር። ከበስተኋላቸው ፀሐይ ከፍ ብላ ጥላው ሁሉ ስለ ጠፋ ኮረብታው መልሶ ባዶ ዳገት መስሎ ነበር፤ እኔ ግን ካቦቹ የት የት እንዳሉ አውቅ ስለ ነበር አንድ በአንድ ፈልጌ አገኘኋቸው።